የኦራዚዮ ፖስታ

በጣሊያን አገር፣ በአብሩዞ ተራራ ሆድ ውስጥ በተቆፈረ ቤተ ሙከራ፣ ፕሮፌሰር ኤርሲሊያ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንዲት ኒውትሪኖ ጠብቀዋል። ኒውትሪኖ መቼም ተራራውን ከነድንጋዩ እንደሌለ ቆጥራ የምታልፍ ደፋር ቅንጣት ናት። እሳቸው የሚፈልጓት ዓይነት ደግሞ አንድም ጊዜ ታይታ አታውቅም። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር ሲቀራቸው፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ እሷን ለመያዝ በተዘጋጀው ገንዳ ውስጥ ብልጭ አለች።

ሌላው ሰው ጨፈረ። እሳቸው ግን ዞር ብለው የሥራ ባልደረባቸውን ኦራዚዮን አዩት።

እዚያ ቤት አንድ ደንብ አለ። ተመራማሪው እንዳይዘናጋ፣ በየዓመቱ አንድ ሰው መረጃው ውስጥ የውሸት ብልጭታ መደበቅ ይፈቀድለታል። ምን እንዳደረገ አስቀድሞ ጽፎ ፖስታ ውስጥ ያሽጋል፤ ፖስታው የሚከፈተው ስሌቱ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። የዘንድሮው ባለፖስታ ኦራዚዮ ነበር።

ኦራዚዮ ደግሞ ቂም አለው። ከሃያ ዓመት በፊት ተማሪያቸው ሳለ፣ እሳቸው ራሳቸው አንዲት የውሸት ብልጭታ ደብቀውበት፣ ምስኪኑ እውነት መስሎት ለእናቱ ደውሎ፣ እናቱን በደስታ አስለቀሰ። ፖስታው ሲከፈት «ውሸት ነበር» ለማለት እንደገና መደወል ነበረበት። ፕሮፌሰሯ ያን ቀን ሆዳቸውን ይዘው ስቀዋል።

አሁን ሳቁ የለም። ሌላ ዕድል እንደማይኖራቸው ያውቃሉና ክፉኛ ፈሩ። በእንጨት የተሰካ የበግ ጥብስ እየያዙ ኦራዚዮ ቢሮ ይመላለሱ ጀመር።

«ብላ እንጂ የኔ ጌታ፣ ከስተሃል!»

«እጅዎ ይባረክ፣ ፕሮፌሰር።»

«እኔ የምልህ... ማክሰኞ ቀን ትወዳለህ?»

«ከቀን ሁሉ አስበልጬ!» አለና አሥራ አራተኛውን እንጨት አነሳ።

ፖስታው የተከፈተው በመጨረሻው የሥራ ቀናቸው ነው። ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ብቻ ሰፍሯል፦ «ዘንድሮ ምንም አልደበቅኩም፤ ጥርጣሬው ይበቃዎታል።»

«አንተ ርጉም!» በፖስታው ጭንቅላቱን መቱት። «ታዲያ ያን ሁሉ በግ ለምን በላኸው?»

«ጣፍጦኝ ነዋ! በሉ አሁን ለእናትዎ ይደውሉ። ይቺኛዋ አትሰረዝም።»

ደወሉ። እናታቸው ዘጠና አራት ዓመታቸው ነው፤ ጆሯቸው ግን ከልጃቸው ይሻላል።

«እማዬ፣ መጣች! አየናት!» እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

«ያቺ ሠላሳ አንድ ዓመት የጠበቅሻት?»

«እሷው ናት!»

«እሰይ የኔ ልጅ! ታዲያ አሁን የት አለች?»

«አለፈች እኮ፣ እማዬ።»



«ያን ሁሉ ዘመን ጠብቀሽ፣ ቁጭ በይ እንኳ አላልሻትም?»