የሚስተር ሃርግሪቭ ዓምድ

ወጋየሁ ጋዜጣውን ለሁለተኛ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። ከለንደን በፖስታ በመጣው ገጽ ላይ ሚስተር ሃርግሪቭ ከዓምዱ ራስጌ ፈገግ ብሎ ይታያል፤ ከሥሩ ከከተማው ዳር፣ መካኒሳ ተተክሎ የነበረው የአባባ ደገፋ የለቅሶ ድንኳን አለ። አብሮት የመጣው የእሱው ደብዳቤ የምስጋና ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ስለ ፖለቲካ ሲጽፍ የኖረው ሰውዬ በዚህች ጽሑፍ ተሸልሟል፤ የጋዜጣው ዋና ዓምደኛም ሆኗል።

«ለረሃብተኛ የላክነውን ስንዴ አዲስ አበቤው ድንኳን ጥሎ ይደግስበታል» ይላል፤ «እርዳታው ይቁም!» ድግስ ያለው ንፍሮውን ነው። የጎረቤት ሴቶች ቀቅለው ያቀረቡትን፣ ለቀስተኛው በእፍኙ እየዘገነ አንገቱን ደፍቶ የሚቅመውን ንፍሮ!

ወጋየሁን ይበልጥ ያናደደው ግን የራሱ ነገር ነው። በሰማንያ ሰባቱ ምርጫ ሰሞን ለዘገባ ለመጣው ለሃርግሪቭ እያስተረጎመ ድንኳኑ ውስጥ ያስገባው እሱ ነው። ሰውዬው «ይሄ ስንዴ የእኛ እርዳታ ይሆን?» ሲለው፣ እንግዳ ላለማስከፋት «ይሆናል» ብሎ መለሰ። አላውቅም ቢል ምን ነበረበት?

በሩ ተንኳኳ። የአባባ ደገፋ ልጅ ሌንሳ ናት፤ ጥቁሯን ገና አላወለቀችም። ስድስተኛ ክፍል አስተምሯት ነበር፤ ከዚያ ወዲያ አልተማረችም።

«ቲቸር፣ የአባቴ ለቅሶ ጋዜጣ ላይ ወጣ አሉ። እስቲ ያንብቡልኝ።»

ተቀመጠችና የድንኳኑን ፎቶ በጣቷ ዳሰሰችው። ወጋየሁ መነጽሩን አደረገ። ደግ ሰዎች ናቸው ይላል ቢላት ማን ያውቅበታል? ያቺ «ይሆናል» ያለች ምላሱ ለሁለተኛ ውሸት ስትሰናዳ ተሰማውና ራሱን ተጸየፈ። እንደ ወረደ ተረጎመላት።

ስንዴው ላይ ሲደርስ ሌንሳ አቋረጠችው። «የእርዳታ? አባቴ ከማሳው በገዛ እጁ ያጨደው ስንዴ እኮ ነው! ማነው እንዲህ ያለው?»

መልሱ ቀጣዩ መስመር ላይ ነበር። «አስተርጓሚዬ፣ የሰፈሩ መምህር፣ አረጋግጦልኛል» ሲል አነበበ።

ሌንሳ ቀና ብላ አየችው። «እርስዎ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

እንድትሰድበው ጠበቀ፤ እንደዚያ ቢሆን በቀለለው ነበር። እሷ ግን ጋዜጣውን አጥፋ ብብቷ ሥር ሸጎጠችና ተነሣች።

«ይነሱ እንሂድ። ለእናቴም በራስዎ አፍ ይንገሯት።»

ጫማውን አስሮ እስኪጨርስ እንኳ አልጠበቀችውም።