የልብስ ሰፊው ሪዝ

በሆስፒታሉ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከካርድ ክፍሉ አለፍ ብሎ፣ «የሙያ ሕክምና» የሚል ጽሑፍ በር ላይ ከተለጠፈ ገና ሦስት ወሩ ነው። በነዚህ ሦስት ወራት ባለሙያዋ ያላየችው ጉድ የለም። አንዱ የትምህርት ማስረጃውን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ሥራ ፍለጋ መጣ። አንዲት እናት ደግሞ ልጃቸውን እየጎተቱ አስገብተው፣ «ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፤ እስካሁን ሽንኩርት ሳታሳርር መጥበስ አልቻለችም። ሙያ የሚባል አልፈጠረባትም፤ መድኃኒት ካለው እስቲ እዪልኝ» አሏት። ልጅቷ አፍራ መሬት መሬቱን ታያለች። ዶክተሮቹም ቢሆኑ፣ ያቺ ባቄላ የምታስለቅመዋ እያሉ ነው የሚጠሯት።

ልብስ ሰፊው የመጡት በዚህ መሀል ነው። ስትሮክ ቀኝ እጃቸውን ካሰነፈው አራት ወር አልፎታል። ከባለቤታቸው ጋር ገብተው ተቀመጡና ጠረጴዛው ላይ የተደረደረውን ሁሉ፣ ቁልፉን፣ የልብስ መቆንጠጫውን፣ ታካሚዎች ለጣት ማፍታቻ የሚለቅሙት ባቄላ የሞላበትን ሳህን በዓይናቸው ዞሩት።

«ሱቅ ነው እንዴ?» አሉ።

«እጅዎን የምናሠራበት ነው ጋሼ። እስቲ የዚህን ሸሚዝ ቁልፍ ይቆልፉልኝ።»

«ልጄ፣ አርባ ዓመት ሙሉ ቁልፍ ስተክል የኖርኩትን ሰውዬ መቆለፍ ልትፈትኚኝ ነው? ሐኪም ከሆንሽ መርፌሽን ውጊ። ወጌሻ ከሆንሽም እሺ፣ እጄን እሺው። ሁለቱንም ካልሆንሽ ግን ምንድን ነሽ?»

ለዚህ ጥያቄ ተማሪ ሳለች በቃሏ የሸመደደችው መልስ ነበራት፤ «ትርጉም ያላቸውን የዕለት ተዕለት ክንውኖች» ምናምን የሚል፣ ሦስት መስመር ተኩል የሚሆን። ጀመረችው። ሁለተኛው መስመር ላይ ሰውዬው ሲያዛጉ አየችና ተወችው። ያኔ ነው ከላይኛው ከንፈራቸው በላይ ያለው ቆዳ ከቀረው ፊታቸው ነጣ ማለቱን ልብ ያለችው።

«ጋሼ፣ ሪዝ ነበረዎት እንዴ?»

ባለቤታቸው ቦርሳቸውን ከፍተው የሌለ ነገር ይፈልጉ ጀመር።

«ንገሪያት እንጂ» አሉ ልብስ ሰፊው።

«በግራ እጁ ሲላጭ ፊቱን ቆራረጠው» አሉ ባለቤታቸው፣ ከቦርሳው ቀና ሳይሉ። «አንጀቴን በላኝና እኔ ላጭልህ አልኩት። የሪዙ ቀኝ አጠረብኝ፤ ላስተካክል ብል ግራው አጠረ። ከዚያ ደግሞ ቀኙን...»

«እንዲህ እንዲህ እያለች ጨረሰችው» አሉ ባልየው። «ልብስ ቢሆን እጣፊ አደርግበት ነበር።»

ባለሙያዋ ሳቋን ለመያዝ ብትታገልም አመለጣት። ሚስትየዋም ተከተሉ። በመጨረሻ ልብስ ሰፊው ራሳቸው በግማሽ አፋቸው ሳቁ።

«በቃ፣ ሥራችንን አገኘን» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «ራስዎን በራስዎ እንዲላጩ እናደርጋለን።»

«ይሄ ሕክምና ይባላል?»

«የእኔ ሕክምና ይሄ ነው።»

ማክሰኞ ቤታቸው ሄደች። መታጠቢያ ቤቱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስቆምም። መስተዋቱ ለቆመ ሰው ቁመት ተሰቅሏል፤ ሰውዬው ሲቆሙ ደግሞ እግራቸው ይንቀጠቀጣል፣ እጃቸውም አብሮ ይናወጣል። መስተዋቱን ዝቅ አድርጋ ሰቀለች፤ በርጩማ አስገባች። የመላጫው እጀታ ቀጭን ስለሆነ ለመያዝ እንዲመች በወፍራም ጨርቅ ጠቅልላ ትሰፋው ጀመር።

ልብስ ሰፊው ትንሽ ታገሡ። ከዚያ ግን አላስችል አላቸው።

«ይሄ ስፌት ነው ወይስ እባብ ያለፈበት መንገድ? ወዲህ አምጪው።»

መርፌውን በግራ እጃቸው ነጠቋት። ጨርቁን የያዘላቸው ማን እንደሆነ ግን አላስተዋሉም፤ አራት ወር ሙሉ እጅጌ ውስጥ ተኝቶ የከረመው ቀኝ እጃቸው ነበር፤ አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ እየተንቀጠቀጡም ቢሆን አልለቀቁም። ባለሙያዋ አየች። ሚስትየዋ ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ክርናቸውን ነካ አደረገቻቸው። ሰውዬው እያጉረመረሙ እጀታውን ሰፍተው ጨረሱት።

በሰባተኛው ሳምንት በራሳቸው እጅ ተላጭተው፣ ሁለት ቦታ ተቆርጠው፣ የቀረው ፊታቸው ጥርት ብሎ፣ ከአፍንጫቸው ሥር ደግሞ ሽበት የቀላቀለ ሪዝ ይዘው ሆስፒታል መጡ። ካርድ ክፍሉ ፊት በተሰለፈው ሕዝብ መሀል ቆመው በግራም በቀኝም እጃቸው እያመለከቱ፣ «ይሄን ሪዝ ያያችሁት እንደሆነ፣ ከዚያች ልጅ ነው ያገኘሁት» አሉ። ሌላም ብዙ ተናግረዋል፤ ወሬ ግን የሚፈልገውን ብቻ ቆንጥሮ ነው የሚሄደው።

በማግስቱ ጠዋት በሯ ላይ ሁለት መላጣ ሰዎች ተሰልፈው ጠበቋት። ቆብ ያደረገው «ለራስም ይሠራል?» ብሎ ጠየቃት። ወደ ቆዳ ክፍል ልካቸው ስትመለስ፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ አንዲት መምህርት ቀኝ እጇን በግራዋ ደግፋ ተቀምጣለች።

«እኔ እንኳ ሪዝ አልፈልግም» አለች መምህርቷ በሹክሹክታ። «ጠመኔ መያዝ ነው ያቃተኝ።»

ባለሙያዋ በሩን ከፈተችላት።

«ግቢ» አለቻት፤ «ምን ጽፈሽ ማየት ነው የናፈቀሽ?»