ቅቤ የነካው ብሎን

ሀብተጊዮርጊስ እባላለሁ። ጦር ሠራዊት ውስጥ አሥራ አራት ዓመት መሣሪያ ጠግኛለሁ፤ መንግሥት ሲለወጥ ጅማ ገብቼ አወቱ መንደራ ሰፈር ውስጥ በፈቃድ የጠመንጃ ጥገና ከፈትኩ። ሰው «ቁጡ ነው» ይለኛል። አልዋሹም። ብሎን በፒንሳ የሚፈታ ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል።

ካቻቢቴ ስትመርጥ ምላሱ የብሎኑን ስንጥቅ ጥርቅም አድርጎ መሙላት አለበት፤ ከሳሳ አናቱን ይበላዋል። ቀጥሎ ያለው የማጥበቂያው ልክ ነው። እኔ ጋ እጀታው ላይ ቁጥር ያለው፣ ልኩ ሲደርስ «ቀጭ» የሚል ቁልፍ አለ። የድሮ ምንሽር ላይ ብረቱን ከእንጨቱ ለሚያያይዙት ሁለት ብሎኖች አምስት ይበቃል። የኛ ሰው ግን «ጠበቅ አርገው» ይልሃል። ጠበቅ ብሎ ነገር ምንድን ነው? ቁጥር አለው እኮ!

ሐሙስ ቀን ረሺዳ የምትባል ሴት ከየቡ ከተማ የሟች ባሏን ምንሽር ይዛ መጣች። ብረቱ እንጨቱ ላይ ይወዛወዛል።

«ጋሼ፣ ነገ ወረዳው ይመረምረዋል» አለችኝ። «ካለፈ በስሜ ይዞርልኛል። ካላለፈ ይወስዱታል። የባሌ ወንድም ደግሞ መሣሪያ የሌላት ሴት ቡና አትጠብቅም ብሎ ማሳዬን ሊረከብ ቆሞ እየጠበቀ ነው።»

ጠመንጃው ያብረቀርቃል። ባሏ ለዒድ እንደሚያደርገው ቅቤ ቀብታው ነው፤ መርማሪ ፊት ሲቀርብ እንዲያምር ብላ። እንጨቱን በጨርቅ ወለወልኩት። ብሎኖቹን ግን አውጥቼ በቤንዚን አላጠብኳቸውም። ለምን? ቁልፌን አምኜ ነዋ።

አምስት ላይ አድርጌ አዞርኩ። ቁልፉ «ቀጭ» ከማለቱ በፊት እንጨቱ ተሰነጠቀ። ቅባት ውስጡ የገባ ብሎን ስታዞረው አይታገልህም፤ ቁልፉ ገና አምስት ሳይል ብሎኑ እንጨቱን ከልኩ በላይ ጨምቆታል። ይህን ለስንት ወታደር አስተምሬያለሁ።

«ማን ቅቤ ቀቢ አለሽ?» ብዬ ጮህኩባት።

«አፉ ይበሉኝ ጋሼ፣ ወላሂ አላወቅኩም» አለች። ስንጥቁን በኮላ አጣብቄ ሞርሳ ላይ አሰርኩት። እሷም እህቷ ቤት ልታድር ሄደች።

አርብ ጠዋት አብረን የቡ ወረድን፤ የጠጋኙም ፊርማ ያስፈልግ ነበር። መርማሪው መሳይ ይባላል። ጣቱን እንጨቱ ላይ ሲያስኬድ ስንጥቁ ላይ ቆመ።

«ይሄን ማን ሰነጠቀው?»

«እኔ ነኝ» አለች ረሺዳ ቀድማኝ። «ቅቤ ቀባሁት።»

መሳይ እስክሪብቶውን አነሳ። የአያያዝ ጉድለት ብሎ ከጻፈ ጠመንጃው እዚያው ይቀራል፤ ማሳውም ይከተላል። እኔ ደግሞ ዝም ካልኩ ስሜ እንደተከበረ ወደ ቤቴ እገባለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ዝም ማለት አምሮኝ ነበር።

«እሷ አይደለችም» አልኩ። «የሰነጠቅኩት እኔ ነኝ። ብሎኑን ሳላጥብ አጠበቅኩት።»

«አንተ?» አለ መሳይ። ትንሽ አሰበና፣ ጥፋቱ የጠጋኙ ከሆነ ለረሺዳ እንጨቱን የምታስቀይርበት አሥራ አምስት ቀን እንደሚሰጣት፣ የኔ ፈቃድ ግን ለአንድ ዓመት እንደሚታገድ ነገረኝ። ፈቃዴን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ይገባኛል፣ ምን እላለሁ።

ውጭ ስንወጣ ምንሽሩን በነጠላዋ ጠቅልላ ቆመች። ታመሰግነኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ጋሼ፣ ትናንት ሲጮሁብኝ እኮ አመንኩዎት» አለችኝ። «የባሌን አደራ በገዛ እጄ ያበላሸሁ መስሎኝ ሌሊቱን ሳለቅስ አደርኩ።»

ፈቃዴን ስሰጥ ያላመመኝ ሰውዬ ይሄኔ አመመኝ። «ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኩ፣ ግን ከአፌ በደንብ አልወጣም። መንገደኛው እየሰማኝ ደግሜ፣ ጮክ ብዬ አልኳት።