ተካፈሉት

«ግማሽ መጽሐፍ ደግሞ ለማን ይጠቅማል?» አለ ባለሱቁ ሻዩን ፉት ብሎ። «ለእኔ ስጡኝና ስኳር ልጠቅልልበት። ነፍሱን ይማረውና፣ እሱም ቢሆን ደስ ይለዋል፤ ደንበኛዬ ነበር።»

ለቅሶ ሊደርስ ነበር የመጣው፤ ዓይኑ ግን ገና ሲገባ ካርቶኑ ላይ ተተክሎ ቀረ። ለለቀስተኛ ወንበር ቦታ ሲያመቻቹ ነው ካርቶኑ ከአልጋ ሥር የወጣው። ውስጡ የፊት ሽፋን ያላቸው፣ የኋላ ግን የሌላቸው አሮጌ መጻሕፍት ሞልተውበታል፤ ሁሉም መሃላቸው ላይ በምላጭ ተቆርጠዋል።

የሟች እህት ጥግ ይዛ ተቀምጣ ትሰማለች። «የእኔም ናቸው» የሚል ቃል አፏ ድረስ መጥቶ ዋጠችው። ፀጉር ቤት ከፍታ የምትሠራ ሴት ናት፤ ያልሰማችው ሐሜት የለም። በለቅሶ ቤት የሟችን ዕቃ የጠየቀ ሰው ምን እንደሚባል ጠንቅቃ ታውቃለች። «አፈሩ ሳይደርቅ ውርስ ጀመረች» ይሏታል። ደግሞስ ከወንድሟ ሚስት ጋር መቼ አፍ ለአፍ ገጥመው ያውቁና? ሰላምታቸው እንኳ እንደ ባንክ ቤት ሰልፈኛ ነው።

«እስቲ ላስብበት» አለች የሟች ሚስት።

«ነገ ጠዋት ጋሪ ይዤ ብቅ እላለሁ» አለ ባለሱቁ፣ እንደተፈቀደለት ሰው።

የመቁረጡን ነገር ያስጀመረችው የሟችና የእህቱ እናት ናት። አባታቸው የመጋዘን ዘበኛ ነበር፤ ደመወዝ በተቀበለ ቁጥር ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ አንድ ልቦለድ ይዞ ይገባል። አንድ ብቻ። ሁለቱ ልጆች እላዩ ላይ እንደ ድመት ይቧጨራሉ። አንድ ቀን እናትየው ጩኸቱ ቢያንገፈግፋት ከጓዳ ሆና «ኧረ ተካፈሉት!» ብላ ጮኸች። ወንድምየው የአባቱን ምላጭ አነሳ። ታላቅ ነኝ ብሎ የፊቱን ወሰደ፤ ለእህቱ የኋላው ደረሳት።

«ምን አደረግህ፣ አንተ ጉድ!»

«ተካፈሉት አልሽ፤ ተካፈልን» አላት እናቱን።

አባትየው ቀበቶውን ሊፈታ ጀምሮ ሳቁ ቀደመው። ከዚያ ወዲያ መጽሐፍ ይዞ ሲገባ ምላጩንም አብሮ ያቀብላቸው ነበር።

እንዲህ ሆኖ ለእሷ ልቦለድ ሁሉ ከመሃል ነው የሚጀምረው። የማታውቀው ሰው የማታውቃትን ሴት እግሯ ላይ ወድቆ ይቅርታ ሲለምን ትደርሳለች። «ምን አድርጓት ነው?» ስትለው፣ ወንድሟ ድምፁን እየቀያየረ፣ ሲያስፈልግም ፈረሱን ሆኖ በቤቱ ውስጥ እየጋለበ ያወራላታል። ከዚያ ተራው የእሷ ይሆናል። ተለዋውጠው ማንበብ ይችሉ ነበር፤ አንዳቸውም ግን አላደረጉትም። ሲወራ ይጥማላ!

ትልቅ ሰው ከሆነ፣ ጎሚስታ ከሆነ በኋላ እንኳ ወንድምየው እጁ በጎማ ጥላሸት ተለውሶ ፀጉር ቤቷ በር ላይ ይቆማል። «ጭራ!» ይላታል። «ያ መርከበኛ መጨረሻው ምን ሆነ ነበር?»

«ስንቴ ልንገርህ?»

«ረሳሁት።»

ውሸቱን ነው። የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ውስጥ የተቀመጡት ሴቶች ሳይቀሩ ጆሯቸውን ነፃ አውጥተው ያዳምጧቸው ነበር።

ባለፈው ሳምንት የጭነት መኪና ጎማ ፈትቶ አወረደና ትንሽ ልረፍ ብሎ እላዩ ላይ ተቀመጠ። በዚያው ቀረ።

ለቀስተኛው ሳሳ ሲል የሟች ሚስት ከካርቶኑ አንዱን መጽሐፍ አንስታ ወደ እህትየው ዞረች።

«አንቺ፣ ያቺ ከሠርጓ የጠፋችው ልጅ ወንዙን ተሻገረች?»

«የቷ?»

«ወንድምሽ ስንት ጊዜ አወራልኝ መሰለሽ። ወንዙ ዳር ያደርሰኝና፣ ‹ከዚህ ወዲያ ጭራን ጠይቂ› ይለኛል።»

«ታዲያ ምነው አልጠየቅሽኝ፣ እታለም?»

«ጭራ የሚልሽ ከኋላው ስለማትጠፊ መስሎኝ ነዋ! ባሌን አልለቅ ያለችን ሴት ደግሞ ተረት ልለምናት?» ካርቶኑን በእግሯ ገፋ አደረገችው። «ይኼን ሁሉ ቆራጣ ሳይ ነው ዛሬ የገባኝ። ጭራው አንቺ ጋ ነው አይደል?»

«ፀጉር ቤት ነው ያለው፤ ከሻምፖዎቹ በላይ።»

ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ወዲያው ሁለቱም ደንግጠው ወደ በሩ አዩ።

«ነገ ባለሱቁ ይመጣል...» አለች እህትየው። «ውርስ እንዳይመስልብኝ ፈርቼ እንጂ...»

«ስኳሩን በላስቲክ ይጠቅልል! እንኪ፣ ውሰጃቸው።»

መጽሐፉን ተቀብላ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠች። ዝናብ ይዘንባል ይላል። ወንድሟ ሲያወራው ዝናብ አልነበረም። ገልበጥ ገልበጥ አደረገች።

«እታለም፣ ውሻውሳ?»

«አንካሳው? እሱ አይደል እንዴ ከሠርጉ ያስመለጣት!»

«እዚህ የለም። እኔ ግማሽ ላይም የለም። የት ገባ ስለው፣ ‹ወንዙን ፈርቶ እኔ ጋ ቀረ› ይለኝ ነበር።»

የሟች ሚስት ገጹን ጎንበስ ብላ አየችው። ሻዩ ቀዝቅዟል።

«በይ፣ ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አለቻት እህትየው። «እሱ እንዳወራልሽ፣ ከነውሻው። ወንዙ ጋ ስንደርስ እኔ እቀበልሻለሁ።» ወንበሯን ጎትታ ጠጋ አለችና መጽሐፉን ዘግታ ጭኗ ላይ ደፋችው።