ለፋፊው ያልዞረበት መንደር

«ያኔ ክኒኑን ያስቆመሽ ማነው?» አለች ዶክተር ወንጌላዊት፣ በፊርደውስ አንገት ላይ ያለውን የቀዶ ሕክምና ጠባሳ በጣቷ እየዳሰሰች።

ፊርደውስ አንገቷን ቀና አድርጋ ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች። እህቷ ለይላ ከኋላዋ ቆማ ሻርፗን ይዛላታለች። በሺር ደግሞ አንዲት ፌስታል እንደያዘ በሩ ጋ ተለጥፏል፤ ና ግባ ያለው ሰው የለም። የፈታት ባሏ ነው።

«እኔው ራሴ ነኝ የተውኩት» አለች ፊርደውስ።

በሺር መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ውሸቷን ነው፤ ያውም ለእሱ ብላ።

የመጣው ለሌላ ጉዳይ ነበር። ፊርደውስ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ እህቷ ቤት ከገባች ወዲህ ታክማ እንደተነሳች፣ እንደምታጥብ፣ እንደምትሠራ፣ እንደምትስቅም ሰው ነገረው። የፈታ ባል የሚስቱ ኢዳ፣ ከፍቺ በኋላ ያለው የሦስት ወር መጠበቂያ፣ ሳያልቅ «መልሼሻለሁ» ካላት ሌላ የኒካህ ውል ሳያስፈልግ ትዳሩ ይቀጥላል፤ የፊርደውስ ኢዳ ደግሞ ሊያልቅ ነው። እሱም ከሽመና ፋብሪካው ፈቃድ ጠይቆ፣ ሼህ ጣሀን ለምስክርነት ይዞ ማለዳ ከኮምቦልቻ ወጣ። ደሴ ይበርዳታል ብሎ ጋቢዋን በፌስታል ይዞላታል። ሆጤ ሲደርሱ አንድ ጎረቤት ለክትትል ሐኪም ዘንድ ሄደዋል ስላላቸው ተከትለው መጡ፤ ሼሁ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ቀሩ።

ፊርደውስ የኩታበር ልጅ ናት። እንቅርቱ ከልጅነቷ ጀምሮ አብሯት አድጎ በመጨረሻ መዋጥና መተንፈስ ሲከለክላት፣ ሐኪሞች ዕጢውን ሙሉ በሙሉ አወጡት። እውነቱን እንናገር፣ በሺር ያኔ ደግ ነበር፤ አልጋዋ ሥር ወለል ላይ እያደረ አስታሟታል። ስትወጣ ክኒን ታዘዘላት፤ ጠዋት ጠዋት ምግብ ከመቅመሷ በፊት፣ ዕድሜዋን ሙሉ። ረመዳን ገባ። ፆመኛ በቀን ክኒን አይውጥም፤ ሰዓቱን ወደ ሌሊት ማዛወር ይቻል እንደሆነ ሐኪም መጠየቅ ደግሞ ለማንም አልታየውም። ተወችው። ወሩ አልቆ ኢድ ሲመጣ ፊርደውስ ደህና ናት። በሺር አዋቂ የሆነው ያን ጊዜ ነው። ወር ሙሉ ሳትውጪ ምን ሆንሽ፣ እንቅርቱ እንደሆነ ወጥቷል፣ ለወጣ እንቅርት ምን ክኒን ያስፈልገዋል አለና የቀረውን ጣለው። አይ በሺር!

በሽታው የመጣው ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ ብርድ ብርድ አላት። በኮምቦልቻ ሙቀት ሰው በሸሚዝ ሲያልበው እሷ ጋቢ ተከናንባ ትቀመጣለች። ቀጥሎ ድምጿ ጎረነነ፣ ፊቷ አበጠ፣ ፀጉሯ ከማበጠሪያው ጋር ይመጣ ጀመር። አንድ ነገር ሲጠይቋት መልሱ እስኪመጣ ሻይ ይቀዘቅዛል። በሺር ከሥራ ሲገባ ምድጃው በርዶ እሷ ተኝታ ያገኛታል። ስንፍና ነው አለ። ኩርፊያ ነው አለ። አንድ ሰሞንማ ልቧ ሌላ ጋ ይሆን ብሎም ጠረጠረ፤ ሰው መቼም ሆድ ሲብሰው ሐሳቡም ይከፋል። አሞሻል ወይ ብሎ ግን አልጠየቃትም።

የመጨረሻው የቅሬው፣ የሰፈሩ ዕድር፣ ነገር ነው። እማማ ፀሐይነሽ ሞቱ፤ ፊርደውስ ከሐኪም ቤት የወጣች ሰሞን አጥሚት እያመላለሱ ያጠጧት ጎረቤት ናቸው። ለፋፊው ሞቱን እየተናገረ ማለዳ በየበሩ ዞረ፤ የቅሬው ሰው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ነቅሎ ወጣ። ፊርደውስ አልወጣችም። የቅሬው ቅጣት ምንም አይደል፤ ሴቶቹ ለቅሶ ቤት ተቀምጠው «የበሺር ሚስት የታለች?» ሲባባሉ ሰማና እፍረት ገደለው። ከቀብር ሲመለስ በጠራራ ፀሐይ በጋቢዋ ተጠቅልላ እንቅልፍ ላይ ናት። ቀሰቀሳትና ፈትቼሻለሁ አላት።

«እሺ» አለች፣ ቆየት ብላ።

ያቺን «እሺ» ነው ከሁሉ አስበልጦ የጠላት። ብታለቅስ፣ ብትሳደብ ኖሮ ወዲያው ቃሉን በመለሰ ነበር። እሷ ግን ጋቢዋን ስባ ተመልሳ ተኛች። በማግስቱ ለይላ መጥታ ወሰደቻት።

አሁንም እውነቱን ያወጣችው ለይላ ናት። እህቴ ራሷ አልተወችውም፣ ያስጣላት እዚያ በሩ ላይ የቆመው ነው አለች።

«እውነቷን ነው» አለ በሺር። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንቅርቱ ከወጣ በኋላ ክኒኑ የሚሠራው ሥራ ምን እንደሆነ ጠየቀ።

ዶክተሯ ልትቆጣው ነበር፤ ፊቱን ስታይ ተወችው። «ሰፈራችሁ ቅሬ አለ?» አለችው።

«አለ እንጂ።»

«ለፋፊው ባይዞር ማን ይወጣል?»

«ማንም አይወጣም።»

«ሰዎቹ የሉም ማለት ነው?»

«አሉ። አልሰሙም እንጂ።»

ሰውነትም እንደዚያ ነው አለችው። አንገት ላይ ያለው ዕጢ ሆርሞን የሚባል ነገር ያመነጫል። ሆርሞኑ በደም እየዞረ በየህዋሱ ይገባል። ህዋሱ ውስጥ ጥሪውን የሚቀበል ነገር አለ፤ ሆርሞኑ እዚያ ሲያርፍ የልብ ህዋስ ይበረታል፣ ሰውነት ይሞቃል፣ አንጎል ይነቃል። ዕጢው ሲወጣ ለፋፊውም አብሮ ወጣ፤ ክኒኑ በእሱ ቦታ የሚዞር ነው። በረመዳን ምንም ያልሆነችው በደሟ የቀረው ስላቆያት ነው።

«እሱ ሲያልቅ የሚጠራቸው ጠፋ» አለች። «ልቧ ቀስ አለ፣ ገላዋ ቀዘቀዘ፣ ሐሳቧ ዘገየ። ደስታውም፣ ኀዘኑም ጭምር።»

ኀዘኑም ጭምር። በሺር ያቺን «እሺ» አስታወሰ። ስታለቅስ ሊያያት የፈለጋት ሴት የምታለቅስበት አቅም አልነበራትም፤ አቅሙን የነሳት ደግሞ እሱ ነው።

ግቢው ውስጥ ሼህ ጣሀ ተነስተው ጠበቋቸው። ፊርደውስ ሻርፗን እያስተካከለች ወጣች። ፊቷ ወደ ጥንቱ ተመልሷል፤ አረማመዷም የድሮው ነው። በሺር ፌስታሉን ዘረጋላት፤ ደሴ ብርድ ነው፣ ጋቢሽን ያዢው አላት።

«ውሰደው፣ በሺር» አለች። «አሁን አይበርደኝም።»

«ፊርደውስ፣ አፉ በይኝ።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች ለይላ ከጎን።

ፊርደውስ እህቷን በእጇ ዝም አሰኘቻት። «አፉ ብዬሃለሁ። ግን አንድ ነገር ንገረኝ፤ ዛሬ የመጣኸው ማንን ልትወስድ ነው? ተነስታ የምትሠራዋን ከሆነ፣ እሷን ያስነሳት ክኒኑ ነው። የተኛችውን አልፈለግሃትም። የተኛሁትም እኮ እኔው ነበርኩ።»

በሺር ቢቸግረው ለምን ለእኔ ብለሽ ዋሸሽ አላት።

«በሰው ፊት ስትዋረድ ማየት አልወድም፤ ባሌ ነበርክ። ቤትህ እመለሳለሁ ወይ ካልከኝ ግን አላውቅም። ገና አሁን ነው አእምሮዬ የተመለሰልኝ።»

ይህን ብላ ከለይላ ጋር ወደ በሩ አመራች። ሼህ ጣሀ የበሺርን ክንድ ያዙ።

«ሳትርቅ ቃሉን ተናገር እንጂ» አሉት። «መልሼሻለሁ በላት፣ እኔ ምስክር ነኝ። በሸሪዓው እሷ እሺ ማለት እንኳ አያስፈልጋትም።»

እሺ ማለት እንኳ አያስፈልጋትም። ቃሉ በሺር ምላስ ላይ ደርሶ ቆመ። ቢናገረው ማታ ኮምቦልቻ አብራው ትገባለች። ካልተናገረው ኢዳዋ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ እሷ ወዳ ካልተቀበለችው በቀር ኒካህ የለም። እሷ ደግሞ እምቢ ልትል ትችላለች። ሌላ ሰው ቀድሞ ሊጠይቃትም ይችላል።

«ይለፍ፣ ሼህ» አለ።

«ምኑ ነው የሚያልፈው?»

«ኢዳው። ካለፈ በኋላ እንደ ማንኛውም ሰው ሽማግሌ ልኬ እጠይቃታለሁ። ነቅታለች፤ እሺም እምቢም ከእሷ ልስማ።»

«እምቢ ብትልህስ፣ ልጄ?»

በሺር ወደ በሩ ተመለከተ። ፊርደውስ የግቢውን በር አልፋ ዳገቱን በፍጥነት ስትወጣ ይታየዋል። አልተጣራም። ጋቢውን ብብቱ ሥር ሸጎጠና ሼሁን ደግፎ ወደ መናኸሪያው መንገድ ጀመረ።