ጣራ የሌለው መሐል

«አዳራሹ እጅግ ሰፋ። ይህን ሁሉ ጣራ የሚሸከም እንጨት ከየት ልታመጡ ነው?» አለች ጣይባ፣ ባሏ መሬት ላይ በአመድ ባሰመረው ቤት መሐል ቆማ።

ሳሊህ ሳቀ። «አዳራሽ አይደለም፣ ግቢ ነው። ክፍሎቹ ሁሉ በራቸው ወደዚህ ነው። ወይራዋም ካለችበት አትነካም፤ ልጃችን ሁሪያ ጥላዋ ሥር ትጫወታለች።»

ጣይባ ቀና ብላ አየች። ከወይራዋ በላይ ሰማይ ብቻ ነው።

በመስከረም አውሮፕላን የመቀሌን ገበያ ከደበደበ ወዲህ ሜዳ አቋርጣ አታውቅም። ጎረቤት ስትሄድ እንኳ አጥር ለአጥር ታክካ ነው። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ሳሊህ ደግሞ ከወሎ ከመጣ ጀምሮ፣ በሰው ቤት ተከራይቶ ሲኖር፣ የሚያወራው ስለዚህ ግቢ ነበር። እንዴት ብላ «ይቅርብኝ» ትበለው? ነገ መሠረቱ ሊቆፈር ነው፤ ድንጋይ ከተጣለ በኋላ ደግሞ ማን ይሰማታል?

ግንበኛው ወልደአማኑኤል ገመዱን እየጠቀለለ መጣ። ሳይቆፍር በፊት የቤቱን እመቤት በመስመሩ ውስጥ ማስኬድ ልማዱ ነው።

«በይ ሓፍተይ፣ በይ እህቴ፣ አንቺ ማድቤት ነሽ፤ ልጅቱ መኝታ ቤት አለቀሰች እንበል። ሂጂ እስቲ።»

መንገዱ ግቢውን መሻገር ነበር። እግሯ እምቢ አላት። የአመዱን መስመር እየረገጠች፣ ጥግ ጥጉን ዞረች።

«እዋይ! ግድግዳ ላይ የምትሄድ እመቤት ዛሬ አየሁ! እንሽላሊት ነሽ እንዴ?» አለ ግንበኛው።

ሳሊህም ሊስቅ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ተወው። የሻሿን ጫፍ ጨብጣ ሽቅብ ታያለች።

«ምን ሆነሻል አንቺ?»

«ሰማዩ» አለች። ቀጥሎ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ልጄ እዚህ መሐል ሆና ያ ነገር ቢመጣ፣ ከማድቤት ሮጬ አልደርስላትም።»

ሳሊህ ወይራዋን አየ፤ መስመሩን አየ። ከዚያ አመዱን በጫማው ያጠፋ ጀመር።

«ወልደአማኑኤል፣ ዙሪያውን በረንዳ አውጣለት። ጣራ ያለው።»

«ግቢህ ይጠባል እኮ! ስንት ዘመን የለፈለፍክለት!»

«ወላሂ ይጥበብ።»

ቤቱ በግንቦት አለቀ። ጣይባ ግን ዕቃ ማጓጓዙን ዛሬ ነገ እያለች አቆየችው፤ የገቡት በሐምሌ፣ ደመናው ሰማዩን ከሸፈነው በኋላ ነው።