ጃንዋሪ አንድ የተወለድን

ጽጌ፣ አንቺን ነው የምንጠብቀው፣ ትላለች ሎሬታ፣ የዩኒየናችን ዋና ተደራዳሪ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ ሁለት እጅ ወጥቷል ሁለት አልወጣም፣ አምስተኛዋ እኔ ነኝ፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ተወካይ፣ ጣቴ ጠረጴዛው ላይ የዶናት ፍርፋሪ ይለቅማል፣ በመስኮቱ የኦክላንድ ወደብ ክሬኖች፣ የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች ከኮሪደሩ ማዶ መልስ ይጠብቃሉ። ያሉት አጭር ነው። ሠራተኛው ሁሉ በልደቱ ቀን ከነደመወዙ ማረፉን ይተው፣ እኛም መጨረሻ የተቀጠሩትን ስድስቱን አናባርርም። አለዚያ አርብ የስንብት ደብዳቤ ይደርሳቸዋል።

ለሌላው ቀላል ነው፣ ልደት ማታም ይከበራል፣ የኔን ልደት ግን ማን ያውቃል፣ እናቴ የምታውቀው በጥቅምት መሆኑን ነው፣ የጎረቤታችን በሬ የሞተ ሰሞን፣ ካርቱም ላይ የስደተኞች ፎርም የሚሞላው ሰውዬ በሬ አልጻፈም፣ ጃንዋሪ አንድ አለኝ፣ ከኋላዬ ያለውንም ጃንዋሪ አንድ፣ ሰልፉን በሙሉ በአንድ ቀን ወለደን።

ጃንዋሪ አንድ ደግሞ ድሮም ሥራ የለም፣ እንግዲያው ወደ ፈለግሽው ቀን አዙሪው አለችኝ አለቃዬ፣ አዞርኩት፣ ጃንዋሪ ሰባት፣ ገና። ሦስት ገና አረፍኩበት። ከቅዳሴ መጥቼ ነጠላዬን ሳላወልቅ የምተኛበት፣ ልጄ ሉሊት ከትምህርት ቤት ቀርታ፣ ማሚ፣ ኢትስ አወር ዴይ፣ የኛ ቀን፣ እያለች አልጋው ላይ የምትዘልበት። ከዚህ አገር ወረቀት የነጠቅኳት ቀን።

ከስድስቱ አንዱ አምሐ ነው። ምድር ቤት የተመለሱ መጻሕፍት ጋሪ ይገፋል፣ እየገፋ ያነባል፣ ግድግዳው የተላጠው ለዚህ ነው። እሱ ከመጣ ወዲህ ምሳዬን ብቻዬን አልበላም፣ ማለት፣ ግማሹን እሱ ይበላዋል። ጠዋት ሊፍቱ ጋ ያዘኝ፣ እትዬ፣ ለኔ ብለው ገናዎን እንዳይሰጡ፣ መጨረሻ የገባ መጀመሪያ ይወጣል፣ ደንብ ነው፣ አላሜዳ ያለው ያጎቴ ልጅ ታክሲ ያስነዳኛል። ጋሪ መንዳት ያቃተህ ሰውዬ፣ ታክሲ፣ አልኩት፣ ሳቀ፣ እየሳቀ ባጁን በጣቱ ይጠመዝዘው ነበር፣ ሊሰበር እስኪደርስ፣ አየሁት፣ እንዳየሁትም አየ፣ ይሄ ሊፍት ደሞ ሲዘገይ፣ ተባባልን።

ብሰጥስ። ሉሊት ታኮርፋለች፣ ሁለት ቀን፣ እግዜር ፎርም አይሞላም፣ ከቅዳሴ በቀጥታ እገባለሁ፣ ነጠላዬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ እያዛጋሁ ማኅተም እመታለሁ። ቅሬታ እፈልጋለሁ ሆዴ ውስጥ፣ የለም፣ ደግሜ እፈልጋለሁ፣ የለም፣ ቀለል ያለ ነገር ብቻ፣ የረሃብ ዓይነት። ከስደት የመጣን ሰው ማን ምን ይለምነዋል፣ ስጡኝ ስል የኖርኩት እኔ ነኝ፣ ዛሬ አንድ ማዘጋጃ ቤት ሙሉ እኔ ያለኝን ፈልጎ ቁጭ ብሏል። ደስ አይልም?

እጄ ወጥቷል።

አር ዩ ሹር፣ እርግጠኛ ነሽ፣ ትላለች ሎሬታ። ሹር፣ እላታለሁ። የመንገድ ጠራጊዎቹ ተወካይ ሬይ እስክሪብቶውን ይወረውራል፣ በልደቴ ዓሣ ነበር የማጠምደው፣ አንቺ ሴትዮ፣ ቅዳሜ አጥምድ እለዋለሁ፣ ቅዳሜ ሚስቴ አለች ይላል፣ እንስቃለን፣ እሱ ሳይወድ፣ ወንበሮች ይንጓጓሉ፣ ኮሪደሩን እንሻገራለን፣ ሎሬታ ከፊት፣ እኔ ከሁሉም ኋላ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ጠበቃ ብድግ ይላል፣ ግቡ፣ ግቡ፣ በሩን የምዘጋው እኔ ነኝ፣ እዘጋዋለሁ።